«እስላም ነጋዴ ነው» የሚለው አባባል ሲመረመር

በእኛ በወረታም ሆነ በጎንደር አካባቢ «እስላም ነጋዴ ነው» ሲባል ያልሰማ የለም። ሲሰሙት ሙገሳ ይመስላል። ከጎኑ ግን «ሰማይ አምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚል ሌላ አባባል ነበር። ሁለቱን አጣምሮ ያየ ሰው፣ ሙገሳው የስድቡ ልጅ መሆኑን ይረዳል።

በ1668 እ.ኤ.አ. በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በቤጌምድርም ሙስሊሙ ባለርስት እንዳይሆን ተከልክሎ ኖረ። የቀረለት ሽመና፣ ንግድና የሰው መሬት ማረስ ነበር። ከወረታ በስተሰሜን የምትገኘው ደሪጣ በሙስሊም ነጋዴዎቿ ስም ያተረፈችው በዚህ ሁኔታ ነው፤ የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድም በ1989 እ.ኤ.አ. ስለ እነርሱ ጥናት አሳትመዋል። ንግዱም ቢሆን ዋስትና አልሆነም። ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ሲገደዱ፣ የሲራራ ንግድ ያፈራው ሀብት አላዳናቸውም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ከ1609 ጀምሮ በአየርላንድ ኡልስተር የነባሩን ሕዝብ መሬት ነጥቀው ለፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አደሉ። በ1704 ደግሞ ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛ በሕግ ከለከሉ። ከካቶሊኮቹም ብዙዎች በንግድ ሀብት ፈለጉ። ታዲያ ንግድ የካቶሊክ ተፈጥሮ ነው እንበል? ገዢው እዚያ ባዕድ፣ እዚህ ወገን ቢሆንም፣ ሰውን ከመሬት ያራቀው ሕግ እንጂ ደም አይደለም።

ማስረጃው በዓይናችን ፊት ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሙስሊሙም ባለይዞታ ሆነ። ዛሬ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርተው ሙስሊም ገበሬ የዚያ «ነጋዴ» ወገን ነው።

ወቀሳው ግን ለሌላው ብቻ አይደለም። መድረሳ ውስጥ ልጆች «የእኛ ሥራ ሱቅ ነው» ሲሉ ሰምቼ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ። ከዚህ የከፋም አለ፦ አባቱ መሬት ተነፍጎ የኖረ ሰው፣ አላህ (ሱ.ወ.) ለእኅቱ የደነገገላትን የውርስ ድርሻ ሲነፍጋት እናያለን። አንድ ስንዝር መሬት በግፍ ስለሚወስድ ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሰጡት ማስጠንቀቂያ ለነገሥታት ብቻ የተነገረ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።