የቢሮ ኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ቃላት፤ አንባቢያቸው ማን ነው?

በመሥሪያ ቤቶቻችን የጽሕፈት መኪና ቦታውን ለኮምፒዩተር ከለቀቀ ወዲህ አንድ ዐዲስ የሙያ ዘርፍ ተፈጥሯል። ይኸውም የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች በሙሉ ከአንድ ቦታ ሆኖ የማስተዳደር ሥራ ነው። የዚህ ባለሙያ ዐይነተኛ መሣሪያ «ስክሪፕት» የተባለው ነው። ስክሪፕት ማለት ኮምፒዩተሩ በተራ እንዲፈጽማቸው በጽሑፍ የተደረደሩ ትእዛዞች ናቸው። ሠራተኛው ማለዳ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሥራ ሲጀምር፣ ስክሪፕቱ የመሥሪያ ቤቱን ዐርማ በዴስክቶፑ ላይ ያሳያል፤ የጋራውን የሰነድ ማከማቻ ያገናኛል፤ ማተሚያውን ይመድባል። በዚህ ዐይነት በመቶ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በአንድ ጽሑፍ አንድ መልክ ይይዛሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ቃላት በአማርኛ እንዴት እንደቆሙ መመርመር ነው። እስካሁን ስለነዚህ ቃላት የሚሰጠው አስተያየት በአብዛኛው «ጥሩ አማርኛ ነው፤ አይደለም» በሚል ፍርድ ላይ ያረፈ ነው። እኛ ግን ከዚህ ፍርድ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እንላለን። ቃሉን የሚያነበው ማን ነው? በአንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒዩተር ቃል ሦስት አንባቢዎች አሉት፤ ሠራተኛው፣ አስተዳዳሪው ባለሙያ፣ ኮምፒዩተሩም ራሱ። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ስሕተት ሊሆን ይችላል።

1. ሠራተኛው የሚያነባቸው ቃላት

በዚህ ክፍል ተርጓሚዎቻችን የሚመሰገኑበት ሥራ አለ። «የመሣሪያ አሞሌ»፣ «የተግባር አሞሌ» የሚሉትን እንመልከት። አሞሌ በአገራችን ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ፣ ቀጥ ብሎ የተጠረበ የጨው ቁራጭ ነው። ተርጓሚው በገጹ ጠርዝ የተጋደመውን ረዥም መደብ አይቶ ይህን ቃል መምረጡ፣ የውጭውን ቃል ሳይሆን የነገሩን ቅርጽ መተርጐሙን ያስረዳል። «የይለፍ ቃል»ም እንዲሁ ነው፤ ከዘበኛና ከጦር ሰፈር ልማድ ስለ ተወሰደ ሰሚው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ነገር ግን «አዶ» የሚለው፣ በገጹ ላይ ለሚታየው ትንሽ ሥዕል የተሰጠው ቃል፣ ይህን ዕድል አላገኘም። ለተራው አንባቢ ከየት እንደመጣ ወይም ከምን ጋር እንደሚዛመድ የሚጠቁም ፍንጭ የለውም። ሠራተኛው «አዶውን ይጫኑ» ሲባል የሚጫነውን ነገር ከቃሉ አይረዳም፤ ከሥዕሉ ብቻ ይገምታል። ለዚህ አንባቢ «ምልክት» የሚለው የታወቀ ቃል ሰፋ ቢልም እንኳ የተሻለ ነው።

ከቃል ምርጫ ይልቅ የተዘነጋው ግን የትእዛዝ አንቀጽ ጉዳይ ነው። «አስቀምጥ»፣ «ዝጋ»፣ «ሰርዝ» የሚሉት ቃላት በአንድ ቁልፍ ላይ ሲጻፉ አዛዡ ሰው፣ ታዛዡ ኮምፒዩተር ነው። ስለሆነም በነጠላ ተባዕት መነገራቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ስክሪፕቱ በየሠራተኛው ገጽ ላይ ማሳሰቢያ ሲያወጣ ግን አዛዡና ታዛዡ ይገለበጣሉ። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቅርጽ ስላለው ልዩነቱ አይታይም፤ ተርጓሚውም ሳያስተውል «ሥራህን አስቀምጥና ዝጋ» ብሎ ይጽፋል። ይህ መልእክት በአንድ ጊዜ ለሥራ አስኪያጁም፣ ጡረታ ለቀረባቸው ወይዘሮም፣ ትናንት ለተቀጠረው ወጣትም ይደርሳል። በአማርኛ ለሁሉም የሚያገለግለው «ሥራዎን አስቀምጠው ይዝጉ» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሁሉ አንዱን የእንግሊዝኛ ግሥ በአማርኛ በሁለት መስመር ማስፈር ይገባቸዋል፤ አንዱን ለቁልፍ፣ ሁለተኛውን ለማሳሰቢያ።

2. አስተዳዳሪው የሚያነባቸው ቃላት

ባለሙያዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ «ስክሪፕት»፣ «አካውንት»፣ «ሬጅስትሪ» ይላሉ። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን አንቸኩልም። በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለው ቀራንዮ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የስሙን እኩሌታ ያገኘበት ሰፈር፣ ስሙ ከወንጌል የመጣ ነው። የቃሉም ሥር የጽርዕ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል ማለት ነው። የግእዝ ተርጓሚዎች ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት፤ ከአራማይስጥ የመጣውን «ጎልጎታ»ንም በጐኑ አኖሩት። ዛሬ ቀራንዮን በአማርኛ ተክተን «የራስ ቅል ሰፈር» እንበል የሚል የለም። የውሰት ቃል ባይተዋር ሆኖ የሚቀረው ከውጭ ስለ መጣ አይደለም፤ ትርጉሙ በትክክል ሳይወሰን ሲቀር ነው።

ስለዚህ «ስክሪፕት» ይቆይ እንላለን። «የትእዛዝ ጽሑፍ» የሚለው ለመፍቻነት በቂ ነው፤ ከግእዝ ዐዲስ ቃል መፍጠር ግን ባለሙያውን ሁለት ጊዜ እንዲማር ማስገደድ ይሆናል። «ሬጅስትሪ»ም እንደዚሁ ነው። የኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ቅንብሮች የሚጠበቁበትን ይህን ክፍል «መዝገብ» ብሎ መተርጐም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ የታወቀ ሌላ ነገር ነው፤ መዝገብ ቤት የሚባል የሥራ ክፍልም አለ። አስተዳዳሪው «ከመዝገቡ ላይ ሰርዘነዋል» ብሎ ለአለቃው ቢጽፍ የሚፈጠረውን ድንጋጤ መገመት አያስቸግርም።

«መለያ» የሚለው ተመሳሳይ ችግር አለበት። በተተረጐሙ ገጾች ላይ አንድ ጊዜ ለአካውንት፣ ሌላ ጊዜ ለመታወቂያ ቁጥር፣ አንዳንዴም ሰነድን ለመለየት ለሚለጠፍ ስም ይውላል። «የተጠቃሚውን መለያ አጥፋ» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ባለሙያ ምን ያድርግ? ቁጥሩን ብቻ ያንሣ ወይስ አካውንቱን ከነጭራሹ ይሰርዝ? በሁለተኛው ትርጉም ከሄደ የሠራተኛው ሰነዶች አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ «አካውንት»ን በውሰት መያዝ፣ «መለያ»ንም ለመታወቂያ ብቻ መወሰን ይሻላል።

ይሁን እንጂ ውሰት ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። «ፖሊሲ» የተባለውን እንውሰድ። ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚባለው ዘዴ አስተዳዳሪው በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ የሚያጸናው፣ ሠራተኛው ሊለውጠው የማይችለው ቅንብር ነው። በአማርኛ ግን ፖሊሲ አስቀድሞ ሥፍራ ይዟል፤ የበላይ አካል መክሮ ያጸደቀው መርሕ ነው። «የዴስክቶፕ ፖሊሲ ወጥቷል» የሚል ደብዳቤ አለቃው ሲያነብ ውይይትና ፊርማ ያለፈበት ሰነድ ያለ ይመስለዋል፤ ባለሙያው ግን ማንም ሳይወያይበት በኮምፒዩተሮቹ ላይ የጸና ትእዛዝ ማለቱ ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ከሸፈነ ማን ምን እንደፈቀደ ለማወቅ ያስቸግራል። ለዚህ «የግዴታ ቅንብር» የሚለውን እናቀርባለን።

3. ኮምፒዩተሩ የሚያነባቸው ቃላት

ሦስተኛው አንባቢ ትርጉም አያውቅም፤ የሚያውቀው የፊደሎችን ተራ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ይጠቅመናል። በጀርመንኛው ዊንዶውስ የአስተዳዳሪዎች ቡድን «አድሚኒስትራቶረን» ተብሎ ስለሚጠራ፣ የእንግሊዝኛውን ስም የያዘ ስክሪፕት እዚያ ቡድኑን አያገኘውም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በስሙ ፋንታ በቋንቋ የማይለወጠውን የቁጥር መለያ ይጽፋል። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ የዋና ዋና ማከማቻዎች ስም በዲስኩ ላይ ጭምር ይተረጐም ነበር። ከቪስታ ወዲህ ግን ትርጉሙ ለዐይን ብቻ ይታያል፤ የዲስኩ ስም በእንግሊዝኛ ይቆያል። ለዊንዶውስ 7 የቀረበው የአማርኛ የቋንቋ ጥቅልም በእንግሊዝኛው ላይ የሚደረብ ነበር። ለዐይን የተተረጐመው ለኮምፒዩተሩ ሳይነካ መቆየቱ ተገቢ አሠራር ነው።

በአማርኛ የምንሰይማቸው ማከማቻዎች ግን አሉ፤ እዚህ ላይ ችግሩ የእኛው ነው። «ጽ/ቤት» የሚለውን የተለመደ አጽሕሮት ዊንዶውስ በስም ውስጥ አይቀበልም፤ ያ ሰያፍ ጭረት ለሥርዓቱ የተጠበቀ ምልክት ነውና። «ዓ.ም.» በስም መጨረሻ ሲገባ የኋለኛው ነጥብ ይወድቃል። ሞክሼ ፊደላትም አሉ። «ጸሐፊ»፣ «ፀሐፊ»፣ «ጸሀፊ» ለሰው አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ናቸው። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት «ፀሐፊ» የሚል ማከማቻ ቢኖረውና ስክሪፕቱ «ጸሐፊ»ን ቢፈልግ፣ ኮምፒዩተሩ የለም ብሎ ዐዲስ ባዶ ማከማቻ ሊከፍት ይችላል። በየሌሊቱ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው ስክሪፕት ባዶውን እየገለበጠ፣ የነዋሪው ማመልከቻ ያለበት ያለ ቅጂ ይቀራል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንከራከር የኖርነው ስለ ታሪክና ስለ ሥርወ ቃል ነበር፤ አሁን ግን ክርክሩ የሰው ጉዳይ ተፈልጎ መገኘትና አለመገኘትን ይነካል።

ሌላው የፊደል ኮድ ጉዳይ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገና አልገባም ነበር፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬም ቢሆን ዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 የዩኒኮድ ምልክት በመጀመሪያው ላይ የሌለውን ስክሪፕት በአሮጌ ኮድ ያነበዋል። በዚያ ኮድ የእኛ ፊደል ስለሌለ የአማርኛው ማሳሰቢያ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ይወጣል። ተርጓሚው ሥራውን በትክክል ቢሠራም ሠራተኛው አያነበውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ወደፊት የሚዘጋጅ የኮምፒዩተር ቃላት መዝገብ ለእያንዳንዱ ቃል አንባቢውን ይመልክት። ሠራተኛው የሚያነበው በአማርኛና በአክብሮት ይጻፍ፤ አስተዳዳሪው የሚያነበው ውሰትም ቢሆን አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያነበው አይተርጐም። ሁለተኛ፣ በመሥሪያ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ሌላ ግዴታ የተሸከሙ እንደ «መዝገብ» እና «ፖሊሲ» ያሉ ቃላት ለኮምፒዩተር ሥራ ከመዋላቸው በፊት ይመርመሩ። ሦስተኛ፣ ለማከማቻ ስሞች ብቻ የሚያገለግል፣ ከሰያፍ ጭረትና ከሞክሼ ልዩነት የጸዳ አጭር የአጻጻፍ ደንብ ይውጣ። ይህ ሦስተኛው አጠቃላዩ የፊደል ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ሰነዶቹ ዛሬም በመከማቸት ላይ ናቸው።