ከእንጨቱ ሥር ያለው ጥርስ

የድሬዳዋ ሙቀት በሚስማር ብቻ የተያዘ መደርደሪያን አይምርም። ከደጋ የመጣ ዋንዛ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለ ቤት ገብቶ አንድ ሁለት በጋ ሲያሳልፍ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ሚስማሩ የያዘው ቀዳዳ ይላላል። ባለሱቁ ዕቃውን ሲደረድርበት ጣውላው ወደ ፊት ማዘንበል ይጀምራል። በጎን ጣውላው ላይ ቦይ ወጥቶለት ጫፉ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ መደርደሪያ ግን ክብደቱን የሚሸከምለት እንጨቱ ራሱ ነው። ኮላው ቢለቅ እንኳ ቦዩ አይለቀውም። ከእንጨት ሥራ ሁሉ ቦይ ማውጣትን አብልጬ የምወደው ለዚህ ነው። አብልጬ የምጠነቀቀውም እሱኑ ነው።

እንጨት በሰርኩላር ማሽን ሲሰነጠቅ ጥርሱ ከላይ ወጥቶ ሲሽከረከር ይታያል። ዓይን ያየውን እጅ ይሸሸዋል። ቦይ ሲወጣ ግን ዲስኩ ከገበታው በላይ ብቅ የሚለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣውላው ከላይ ሲተኛበት ጭራሽ ይሸፈናል። የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ያኔ ነው ሠራተኛው የሚዘናጋው፤ ጣውላው እንዳይነሳበት መዳፉን በቀጥታ ከዲስኩ በላይ ያሳርፋል፣ አውራ ጣቱን ደግሞ ጥርሱ ከሚወጣበት ጠርዝ ኋላ ያደርጋል። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት መዘናጋት ያውቀዋል። ወንዙ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው።

አንድ ተለማማጅ ዲስኩ ምን ያህል እንደወጣ ለክቶ፣ «ጋሼ፣ ስድስት ሚሊ እኮ ናት» አለኝ። «ለጣትህ አጥንት ትበቃለች» አልኩት። ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም፣ እጁ ግን ቦታውን ለወጠ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ችግር ማሽኑ ይዞት የመጣው መከላከያ አብዛኛው የማያገለግል መሆኑ ነው። ከዲስኩ በላይ የሚንጠለጠለው መከለያና ከኋላው የሚቆመው ቢላ አንድ ላይ የተያያዙ ከሆኑ ቦይ ለማውጣት ሁለቱንም መንቀል ግድ ይላል፤ ዲስኩ እንጨቱን ዘልቆ ስለማይወጣ ቢላው ጣውላውን ያግደዋልና። ስለዚህ ደኅንነቱ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በእጅ መሠራት አለበት።

እኔ የምሠራው በተንሸራታች ገበታ ነው። ከኮምፐንሳቶ የተቆረጠ ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ በማሽኑ ሁለት መስመሮች ውስጥ የሚሄዱ ጠንካራ ዘንጎች፣ በፊትና በኋላ ደግሞ ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ወፋፍራም ጣውላዎች አሉት። የጎን ጣውላው በስኳድራ ከተረጋገጠው ጣውላ ጋር ይደገፋል፣ በሞርሳ ይታሰራል፣ ቦዩ የሚወጣበት ቦታም በማቆሚያ ይወሰናል። እጆቼ የሚይዙት ገበታውን እንጂ የሚቆረጠውን እንጨት አይደለም። ዲስኩ ወደ እኔ በሚወጣበት ቦታ፣ ከደጋፊው ጣውላ ኋላ፣ አንድ ወፍራም የእንጨት ብሎክ በኮላ ተጣብቋል። ጥርሱ ጣውላውን አልፎ ሲመጣ የሚገባው እዚያ ብሎክ ውስጥ ነው። ብሎኩ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቻለሁ፤ ቀዩ ላይ ጣት አይቀመጥም።

የቦዩ ጥልቀት የጣውላውን ውፍረት ሲሶ ካለፈ ጎኑ ይዳከማል፤ ለ18 ሚሊ ጣውላ 6 ሚሊ በቂ ነው። አንድ ተራ ዲስክ የሚበላው ወደ 3 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ለ18 ሚሊ መደርደሪያ የሚሆን ቦይ ከስድስት ባላነሰ ጉዞ ይወጣል። መጀመሪያ ሁለቱን ዳር አወጣለሁ፣ ቀጥሎ መሀሉን እያደራረብኩ አጸዳለሁ፣ የቀረውን ሽንትር በመሮ አነሳለሁ። ሰው «ለምን ታንቀራፍፈዋለህ?» ይለኛል። ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚነክሰው ባነሰ ቁጥር እንጨቱን የመወርወር ጉልበቱም ያንሳል፤ ለእኔ ይህ ጊዜ የሚባክን ጊዜ አይደለም።

ብዙ ዲስክ አንድ ላይ ተደራርቦ ቦዩን በአንድ ጉዞ የሚያወጣ መቁረጫም አለ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ለሱ የተሠራ ማሽን ይፈልጋል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ማሽኖች ዲስኩ የሚታሰርበት ዘንግ አጭር ነው፣ ዳዶው የዘንጉን ጥርስ በሙሉ ሳይጨብጥ ይቀራል። ዳዶው በሙሉ ካልጨበጠ ያ መቁረጫ ከዚያ ማሽን ላይ መውረድ አለበት፤ ደንበኛ ቸኩሏል ተብሎ ድርድር የለም።

አሜሪካ ውስጥ በገበታ ሰርኩላር ማሽን ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና የሚሄዱ ሰዎች በዓመት 30 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ስቲቨን ጋስ የተባለ ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሶውስቶፕ ሥጋ ሲነካው ዲስኩን በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ያቆማል፤ ለቦይ መቁረጫም የራሱ ልዩ ፍሬን አለው። እኛ ዘንድ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ይህ የላቸውም። ያለን ልማድ ነው፣ ልማድም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የወጡ አዛውንቶች ማሽን ዙሪያ ያላቸውን ሥነ ሥርዓት ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ሜትር አይዘረጉም፣ ብናኝ በእጃቸው አይጠርጉም። ዲስክ ሲቀይሩ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋሉ እንጂ የማሽኑን ቁልፍ ብቻ አያምኑም።

የአገሩ ጠባይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከቀትር በኋላ መዳፍ በላብ ይርሳል፣ ሽርጥ ለብሶ ወደ ማሽን የሚጠጋ አለ፣ ምርቃናው ሲያነቃቃው ከልክ በላይ የሚፈጥን አለ። ቦይ የማወጣው ጠዋት ነው፣ ከሰዓት ለማሻሸትና ለመገጣጠም ይሆናል። ጓንት አላደርግም፣ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳልና። መብራት መጥፋቱንም አልረሳም። ቦይ መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ዲስኩ ጣውላው ውስጥ እንደገባ ይቆማል፤ ሠራተኛው ጣውላውን ሊያወጣ ጎንበስ ባለበት መብራቱ ከተመለሰ ተራ ማብሪያ ያለው ማሽን በራሱ ይነሳል። መድኃኒቱ መብራት ሲመለስ ማሽኑን በራሱ የማያስነሳ፣ አረንጓዴውን እንደገና ካልጫኑት የማይሠራ ማብሪያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ለኔ ከመነጽሩና ከጆሮ መሸፈኛው ቀድሞ መገዛት ያለበት ይህ ማብሪያ ነው።

አንድ ሥራ ግን በዚህ ማሽን አልሠራም፤ ጣውላው ጫፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቆም ቦይ። ከፊት ስለማይታይ ደንበኞች ይወዱታል፣ እውነትም ያምራል። በማሽኑ ለማውጣት ግን ጣውላውን ከላይ ወደሚሽከረከር ዲስክ ማውረድ፣ ወይም ሳይጨርሱ ማንሳት ያስፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ጣውላውን የሚይዘው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ቦዩን ሙሉ አውጥቼ ከፊት በቀጭን ሽፋን እለብጠዋለሁ። ሽፋኑን ካልወደዱት በመጋዝና በመሮ በእጄ እሠራዋለሁ፤ የቀኑ ሒሳብም ዋጋው ላይ ይጨመራል።