እናት የሌለው ዛፍ

ቆሰበር፣ ዘመድ ቤት ተሰብስበናል። የአጎቴ ልጅ በኮምፒውተር የሠራውን የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ፣ ላስቲክ አልብሶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሳጥኖቹ እኩል፣ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ። ሁላችንም «አበጀህ!» አልነው። አክስቴ ግን ትኩር ብለው አዩና «ልጄ፣ ዛፉን ምነው ዘቀዘቅኸው? ሥሩ ሰማይ ላይ ነው'ኮ!» አሉት። ሳቅን። «የእኔስ ልጆች የታሉ?» ሲሉ ግን ሳቁ ቆመ።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ ለአንድ ሳጥን ከበላዩ አንድ ሳጥን ብቻ ነው የሚቀበለው። ልጆች ደግሞ በአባታቸው ነው የሚገቡት፤ አባታቸው የሌላ ዛፍ ነው» አላቸው።

ልጁ የተጠቀመው የመሥሪያ ቤት መዋቅር መሣያ ነው። እዚያ አንድ ሠራተኛ አንድ አለቃ አለው። ሳጥኑን ጎትተህ ወደ ሌላ አለቃ ስትወስደው ከሥሩ ያሉት ሁሉ ተከትለውት ይሄዳሉ፤ ድርድሩንም ራሱ ያስተካክላል። ምቹ ነው። ሰው ግን ከአለቃ አይወለድም።

እኛ ዘንድ ነገሩ የግድግዳ ጌጥ ብቻ አይደለም። ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በእናትም በአባትም ነው። ከወላጅ ጀምረን ሰባት ደረጃ ብንወጣ፣ በአባት በአባት ብቻ የምናገኘው 7 ሰው ነው፤ በሁለቱም ወገን ግን 254። ነገ ሁለት ወጣቶች ተዋደው ይህን ዛፍ ቢጠይቁት፣ በእናት ቢዛመዱም «ባዳ ናችሁ» ይላቸዋል። በጎጃም ርስትም ቢሆን እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በእናት በኩል ይጠየቅ ነበር። ያኔ ይህ ወረቀት ማስረጃ ቢሆን ስንቱን መሬት አልባ ባደረገ!

ታዲያ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ብቻ ነው? አይመስለኝም። ሰባት ቤት አገው ከሰባት ወንድማማቾች መጣ ሲባል እንሰማለን፤ የእናታቸውን ስም የጠየቀ ግን ስንቱ ነው? ማሽኑ የኛኑ የቆየ ልማድ ነው አሳምሮ ያሰመረው።

መላ ጠፍቶም አይደለም። ለዘር ሐረግ ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጌድኮም የተባለው የመረጃ አመዘጋገብ ልጅን የሚያያይዘው ከአንድ ሰው ሳይሆን ከቤተሰብ ጋር ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ባልም ሚስትም አሉ። እርግጥ ሥዕሉ ይጠላለፋል፤ ወረቀትም አይበቃውም። ይጠላለፋ! ዝምድና መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል?

አክስቴ እስክሪብቶ አስመጡና «በል ጻፋቸው» አሉት። ሞከረ። ላስቲኩ ቀለም አልቀበል አለ።

እናም ወዳጆቼ፣ የዘር ሐረጋችሁን ስታሠሩ እናቶችን ጠይቁ። ሳትጠይቁ ደግሞ ላስቲክ አታልብሱት።