«ማደስ» ስለሚለው ግሥ፦ የቆዩ መኪኖችን በሚመለከቱ ትርጉሞች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ቆዩ መኪኖች አያያዝ የሚቀርቡ ትርጉሞችን ስንመረምር፣ ሁለት ተቃራኒ ተግባራት «ማደስ» በሚለው በአንድ ግሥ ሲጠሩ እናገኛለን። አዲስ አበባ «ቮልስ» የምትላትን ቮልስዋገን እንውሰድ። በፋብሪካ የተቀባው ቀለም ከሥሯ እስከ ዛሬ ካለ፣ የአሠራሯ ማስረጃ እርሱ ነው። ይህን ማቆየት የሚሻ ባለሙያ ጭቃውን አጥቦና አድርቆ ሰም ወይም ዘይት ይቀባል እንጂ ቀለሙን አይነካም። ሌላው ላሜራውን ፍቆ፣ ጸረ ዝገት ቀብቶ፣ አዲስ ቀለም ያለብሳል፤ ዝገቱ ከጠና ይህም ተገቢ ነው። (በዝገት ላይ ሬንጅ መለቅለቅ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ ሬንጁ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ላሜራውም ተሸፍኖ ይበላል።)

«አደሰ» ከ«አዲስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። አሮጌውን በአሮጌነቱ ለማኖር የሚደረገውን ጥንቃቄ በዚህ ግሥ መጥራት ትእዛዙን መገልበጥ ነው። «የመኪናው ሥር ይታደስ» የሚል ጽሑፍ የደረሰው ሠራተኛ መፋቂያውን ቢያነሣ አይፈረድበትም፤ የተፋቀው ቀለም ግን አይመለስም። «ጥገና»ም አይረዳንም፤ ብልሽት መኖሩን ያስቀድማልና።

ዓለም አቀፉ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የተቀበለው የቱሪን ቻርተር ሁለቱን ተግባራት ለይቶ ይጠራል፤ ተርጓሚውም መለየት ይገባዋል። ለመጀመሪያው «ዕቀባ» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ ከግእዙ «ዐቀበ» የወጣ ሲሆን፣ በአፈርና ውሃ ዕቀባ ሥራ ገበሬው ሳይቀር ለምዶታል። «ማዕቀብ»ን ያስታውሳል የሚሉ አሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን የሚያደናግር አይመስለንም። «እድሳት» ለሁለተኛው ብቻ ይቅር።