ውል «አንድም» አይባልበትም

በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ሲመጣ ደስ ይለናል። ሰሙ ተገልጦ ወርቁ ሲወጣ መምህሩ «ይበል» ይላል። በመጻሕፍት ትርጓሜም «አንድም» እያልን ምሥጢሩን እናሰፋለን። ነገር ግን ሁለት ወገኖች ለሚተሳሰሩበት ውል ይህ ጌጥ አይገባውም፤ በቅኔ ላይ ውበት የሆነው ኅብር በውል ላይ የጠብ ዘር ይሆናልና። ለዚህም የስሎቫኩ ጋዜጠኛ የሚላን ጌቲንግ ሕይወትና መጽሐፍ ምስክር ይሁነን።

ጌቲንግ በ1878 ተወለደ (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። የስሎቫኮች አገር ያን ጊዜ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች። በስሎቫክ ቋንቋ ያስተምሩ የነበሩት ሦስት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በ1874 እና በ1875 ስለ ተዘጉ፥ የአገሩ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ካልሆነ ከፍ ያለ ትምህርት አያገኝም ነበር። ጌቲንግ በ1902 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም በድንጋይ ከሰል ጕድጓድና በብረት ማቅለጫ ለሚደክሙት ወገኖቹ፥ ሶኮል ለተባለው ማኅበር ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ።

በ1918 ቼኮችና ስሎቫኮች በማሳሪክ ፊት በፒትስበርግ ከተማ በተዋዋሉት ውል ላይ ጌቲንግም ፈረመ። ውሉ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። ለስሎቫክ አገር የራሱን አስተዳደር፥ የራሱን ምክር ቤትና የራሱን ፍርድ ቤት ይሰጣል፤ ቋንቋውም በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት እንዲሠራበት ያዛል። በመጨረሻው ግን የመንግሥቱን ዝርዝር ሥርዐት ነፃ ለሚወጣው ሕዝብና ለሕጋውያን እንደራሴዎቹ ይተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት በክሊቭላንድ የተደረገው ስምምነት ስለ ፌዴሬሽን በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ በፒትስበርጉ ውል ግን ያ ቃል የለም።

እንግዲህ «አንድም» የተጀመረው ከዚህ ነው። ምክር ቤቱ ቃል ኪዳን ነው፥ ለኋላ የተተወው ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ አንድም ሁሉ ለኋላ ሰዎች ተትቷል። ቄስ አንድሬ ህሊንካና ወገኖቹ የፊተኛውን ያዙ። ፕሬዚዳንት የሆነው ማሳሪክ ግን ውሉ በአሜሪካ ያሉ ሰዎች የተስማሙበት የአካባቢ ስምምነት ነው አለ። በ1920 የወጣው ሕገ መንግሥት ለስሎቫክ አገር ምክር ቤት አልሰጠም። በውሉ ላይ የሁለቱን ሕዝቦች ስም ያገናኝ የነበረው ሰረዝም ጠፍቶ ስማቸው አንድ ቃል ሆነ። ሰረዝ ትንሽ ጭረት ናት፤ ነገር ግን ሁለቱ ሁለት መሆናቸውን የምትመሰክር እርሷ ነበረች።

ጌቲንግ በፒትስበርግ የሪፑብሊኩ ቈንስል ሆኖ ሠራ። በ1933 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «የአሜሪካ ስሎቫኮችና የቼኮስሎቫክ ሐሳብ እድገት ከ1914 እስከ 1918» ማለት ነው። በዚህም ስም ሰረዝ የለም፤ ደራሲው የትኛውን ትርጓሜ እንደ መረጠ ገና ከሽፋኑ ይታወቃል። የድካሙን ዋጋ አንነሣውም፤ የስደተኞች ሥራ በሠሩት ሰዎች እጅ ካልተጻፈ ይረሳልና። ነገር ግን የመጽሐፉ ስም ዘመኑን በ1918 ይዘጋዋል፤ ክርክሩ ግን የተከፈተ በዚያው ዓመት ነው። ከፈራሚ የምንሻው የስብሰባውን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ «በፈረምሁ ጊዜ ቃሉን እንዲህ አድርጌ ተረዳሁት፥ ኋላም እንዲህ ሆነ» የሚል ምስክርነት ነው።

ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበርና በየቃሉ ቢከራከሩ ሰዓቱ ባለፈባቸው ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ዕዳው አልቀረም። ስሎቫኮች የራሳቸውን አስተዳደር ያገኙት በ1938 ጀርመን አገሪቱን በምትቈርስበት ጊዜ ነው፤ በ1939ም መንግሥቱ ፈረሰ። የፈረሰበት ምክንያት ውሉ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ያመረቀዘ ቂም ለጠላት በር ከፈተለት።

ጌታችን በተራራው ስብከት ቃላችን አዎን ወይም አይደለም እንዲሆን ማዘዙ ለዚህ ነው። ኅብሩን ለቅኔ እንተውለት፤ ውል ስንጽፍ ግን የማያውቀው ገበሬና የሚያውቀው ሊቅ አንድ አድርገው የሚሰሙትን ቃል እንጻፍ።