ከእምባቦ በኋላ
የአማኑኤልና የደብረ ማርቆስ ደጋ ጌታ የነበሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ከደፉላቸው በኋላ፣ ከዓባይ ማዶ ስላለው አገር ግብር ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተጣልተው፣ ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ድል ሆኑ፤ ቆስለውም ተማረኩ። ጠቡ ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ስለ ወርቅ፣ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ዝባድ ነበር፤ የአገሩ ባለቤት ፈቃድማ ከቶ አልተጠየቀም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከሰይፉ በኋላ የሆነው ነው። ምኒልክ ምርኮኛቸውን በንጉሥ ማዕርግ አክብረው፣ ቁስላቸውንም፣ ሲነገር እንደኖረው፣ በገዛ እጃቸው አጥበው አስታመሟቸው፤ ተክለ ሃይማኖትም ወደ መንበራቸው ተመለሱ። የመንግሥት ብልሃት አልነበረበትም አልልም፤ ከሁለቱም በላይ ዐፄ ዮሐንስ ነበሩና። ነገር ግን የተዋረደ ተሸናፊ ቂሙን በልቡ ሰውሮ ቀን የሚጠብቅ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ እኒህ ሁለት ባላጋራዎች ጥቂት ዓመታት ቆይተው በዐፄ ዮሐንስ ላይ እስከ መተባበር ደረሱ፤ ጎጃምም ስለዚህ ክፉኛ ተቀጣ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት አስከትለው፣ ማራኪያቸው ከነበሩት፣ ኋላም ንጉሠ ነገሥት ከሆኑት ከምኒልክ ጋር ዓድዋ ላይ ተሰለፉ።