ማንን የሚያይ ሥዕል? የታሮት ካርታ፣ ዲጂታል ሰዓሊውና የደቡብ ወሎ ደጋ ጠልሰም

የታሮት ካርታ የሚሰበስብ ሰው ዛሬ በአብዛኛው የሚመርጠው በሰዓሊው ስም ነው። የሚወደው ዲጂታል ሰዓሊ አዲስ እሽግ አወጣ ሲባል ይገዛል፤ ቀለሙን፣ የብርሃኑን አወራረድ፣ የባለታሪኮቹን አለባበስ ያደንቃል፤ ከቀድሞዎቹ ጎን ይደረድረዋል። ይህን አመራረጥ አልነቅፈውም። ሥዕልን በሠራው እጅ መለየት የሂስ ሀሁ ነው። ሆኖም የታሮት ካርታ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ሥዕል የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ሰው ጭንቀቱን ይዞ የሚቀርበው ሥዕል ነው። ለእንዲህ ያለው ሥዕል የሚሆን መለኪያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደጎሎ እስከ መካነ ሰላም፣ አልፎም እስከ ሳይንትና መቅደላ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ሥዕልን ለተጨነቀ ሰው ማዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ የሚጻፈው ክታብና በውስጡ የሚሣለው ሥዕል፣ ጠልሰሙ፣ ለካርታው ሃያሲ አንድ ጥያቄ ያበድሩታል፤ ይህ ሥዕል የሚያየው ማንን ነው?

ታሮት ሲጀመር የጥንቆላ ዕቃ አልነበረም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣልያ የመኳንንት መጫወቻ ሆኖ ተወለደ፤ የሚላኖዎቹ ቪስኮንቲና ስፎርዛ ቤተሰቦች በወርቅ ያስለበጧቸው ካርታዎች እስካሁን አሉ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዕድል መጠየቂያ የሆነው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ነው። በ1781 ኩር ደ ጀብላ የተባለ ጸሐፊ ካርታው የጥንት ግብጻውያን ጥበብ ቅሪት ነው ብሎ ጻፈ፤ ማስረጃ አልነበረውም፣ ወሬው ግን ጸና። እሽጉ 78 ካርታ ይይዛል፤ 22ቱ ታላላቆቹ ሲሆኑ 56ቱ በዘንግ፣ በጽዋ፣ በሰይፍና በዲናር ይከፈላሉ።

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው መልኩ የተሳለው በ1909 ለንደን ውስጥ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ አሳታሚው ራይደር፣ ሰዓሊዋ ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። ካርታው ለብዙ ዘመን የተጠራው በአሳታሚውና በሐሳብ አመንጪው ብቻ ነው። እሷ ግን የስሟን መነሻ ፊደላት አቆላልፋ በየካርታው ጥግ ፈርማለች። ለሂስ የሚበልጠው ቁም ነገር ፊርማው አይደለም። ከእሷ በፊት በአብዛኞቹ እሽጎች ውስጥ የጽዋና የሰይፍ ቁጥር ብቻ ያሳዩ የነበሩትን ትንንሾቹን ካርታዎች ወደ ትዕይንት መለወጧ ነው። በእርግጥ ሶላ ቡስካ የሚባለው የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እሽግ ቀድሟታል፤ ፎቶግራፎቹ በ1907 በብሪቲሽ ሙዚየም ታይተው ነበር፤ በሦስት ሰይፍ የተወጋው ልብ የመጣው ከዚያ ነው። ስምንቱን ጽዋ ከኋላው ትቶ የሚሄደው ሰው ግን ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ፊቱን የሚሞላለት ጠያቂው ነው። መስመሯ ጎላ ያለ፣ ቀለሟ ዝርግ ስለሆነ በኩራዝ ብርሃን እንኳ ይነበባል። የሌላዋ ሰዓሊ የፍሪዳ ሃሪስ ዕጣ ከስሚዝ የባሰ ሳይሆን አይቀርም፤ ከ1938 እስከ 1943 ለምሥጢራዊ ጥበብ ጸሐፊው ለአሊስተር ክራውሊ የሳለችው ካርታ በ1969 ታትሞ ሲወጣ ሁለቱም በሕይወት አልነበሩም።

ዲጂታል ሰዓሊው ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ቺሮ ማርኬቲ በ2004 በአሜሪካው አሳታሚ በሉዌሊን በኩል «ጊልድድ ታሮት»ን ሲያወጣ፣ የሚሸጠው ስም የእሱ ሆነ። በ2009 «ሌጋሲ ኦቭ ዘ ዲቫይን» ተከተለ። የማርኬቲ ችሎታ የማይካድ ነው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ የኮከብ መቁጠሪያ ቀለበቶችና ጥርሳም መዘውሮች በጥቁር ሰማያዊ ሰማይ ላይ እውነት የሚዞሩ ይመስላሉ። ብርሃኑ ከውጭ የሚያርፍ ሳይሆን ከዕቃው ውስጥ የሚወጣ ነው፤ ይህም በብሩሽ ሲሠራ ወራት የሚፈጅ፣ በኮምፒውተር ግን ንብርብር በንብርብር እየተጫነ የሚገኝ ውጤት ነው።

ችግሩም እዚያው ብርሃን ውስጥ ነው። የደስታው ካርታ ያበራል፣ የሐዘኑም ካርታ በዚያው ልክ ያበራል። አሥር ሰይፍ ጀርባው ላይ የተተከለበት ሰው እንደ ፀሐይ ካርታ ያማረ ከሆነ፣ ጠያቂው ውበቱን አይቶ ካርታውን ያስቀምጣል፤ የመጣበት ጉዳይ ሳይነካ ይቀራል። በስክሪን የተወለደ ሥዕል ደግሞ ከጀርባው መብራት አለው። 12 ሳንቲ ሜትር በ7 ሳንቲ ሜትር ግድም በሆነ ወረቀት ላይ ሲታተም ያ መብራት ይጠፋል፣ ጥቁር ሰማያዊው ይደፈናል፣ ሰዓሊው ሌሊቱን የለፋበት ዝርዝር ከጥላ አይለይም። ስለዚህ የሚወደውን ሰዓሊ እሽግ የሚመርጥ ሰው ለማስታወቂያ የሚወጡትን ሞኙ፣ አስማተኛውና ፍቅረኞቹ የተባሉትን ካርታዎች አይቶ ባይወስን ይበጀዋል። አምስቱን ጽዋ ከአራቱ ዘንግ አጠገብ ያኑር፤ የአየሩ ጠባይ ተለውጧል? የንጉሦቹና የንግሥቶቹ ፊት የአንድ እናት ልጆች ፊት ይመስላል? የታተመውንስ በደከመ መብራት አይቶታል? ማርኬቲ ራሱ የመጀመሪያ እሽጉን «ጊልድድ ታሮት ሮያል» ብሎ ዳግም ሠርቶታል። ፋይሉ ስለማይደርቅ ዲጂታል ሰዓሊ ሥራው አያልቅለትም፤ ይህ ጸጋም ፈተናም ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። ደጎሎ የጃማ፣ መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ስለሆነ ክታብን ደብተራውም ሼሁም ይጽፉታል፤ ችግር የጸናበት ሰው ወደ ሁለቱም ደጅ ሲሄድ ይታያል። ዕድል በመጠየቁ በኩል የታሮት ዘመዶች ሌሎች ናቸው፤ ሞራ ገላጩ፣ ጠጠር ጣዩ፣ ሲኒ ገልባጯ። በሥዕል በኩል የሚዛመደው ግን ክታቡ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው የደብተራውን ጥቅልል ክታብ ይመለከታል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ታማሚዋ፣ በብዛት ሴት ናትና ሴት ልበላት፣ ሾተላይ ልጆቿን የፈጀባት ወይም ዐይነ ጥላ ያስቸገራት፣ ስሟንና የእናቷን ስም ትናገራለች። ደብተራው የፊደሎቹን ቁጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ የተረፈው ኮከቧን ይነግረዋል። የሚታረደው በግ ወይም ፍየል ቀለም ከዚያ ይወሰናል። ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁራጭ ተሰፍቶ ይቀጠላል፤ ትክክለኛው ልኩ የታማሚዋ ቁመት ነው፣ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት። ጽሑፉ በጥቁር፣ ስሟ በቀይ ይገባል። ከጸሎቱ በላይ፣ በመካከሉና በግርጌው ጠልሰሙ ይሣላል፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን የሚወጋ ቅዱስ ሱስንዮስ፣ መሐሉ ላይ ፊት ያለው ባለ ስምንት ጨረር ኮከብ፣ ከሁሉም በላይ ዓይኖች። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፣ ወይም ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ በይፋ አትወደውም፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስማተኞችን በብርቱ አሳድደዋል። ልማዱ ግን ከአሳዳጆቹ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ከታሮት ጋር ስናስተያየው የስም ጉዳይ ጎልቶ ይወጣል። ክታብ ላይ የሠሪው ስም የለም፤ የታማሚዋ ግን በየጸሎቱ መጨረሻ ይደጋገማል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቅና አዲሱ በቦታው ይጻፋል፤ በየቤተ መጻሕፍቱ በተቀመጡ ጥቅልሎች ላይ ፍቁ በዓይን ይታያል። ደንበኛዋ ሥዕሉን አልመረጠችውም። ኮከቧና ሕመሟ መረጡላት። ውበቱን ማድነቅ ከእሷ አይጠበቅም፤ የሚጠበቅባት ክታቡን ከፍታ ማየት ነው።

ማየቱም ቢሆን እኛ የለመድነው ዓይነት አይደለም። ፈረንሳዊው አጥኚ ዣክ መርሲዬ፣ በ1979 ባሳተመው የአስማት ጥቅልሎች መጽሐፍና በ1997 በኒውዮርክ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በተዘጋጀው «የሚፈውስ ጥበብ» ትርኢት፣ ነገሩን እንዲህ ተርጉሞታል፤ መንፈሱ በታማሚዋ ውስጥ ስላለ በእሷ ዓይን ወደ ጠልሰሙ ይመለከታል፤ ከጠልሰሙ የሚመለከቱትን ዓይኖች ሲያገኝ ደንግጦ ይሸሻል። እንግዲህ የሥዕሉ ተመልካች ሴትዮዋ አይደለችም፤ በውስጧ ያለው ነው። ይህን ትርጓሜ እንደ ሥነ መለኮት ባንቀበለው እንኳ እንደ ሥዕል ትንታኔ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የዓይኖቹን መግነን፣ የፊቱን ፊት ለፊት መሆን፣ የሰውነቱን በመረብ መሸፈን በአንድ ምክንያት ያስረዳል። ሰዓሊው ሰውነትን በልኩ መሣል አቅቶት አይደለም፤ ሥራው ማፍጠጥ ነው።

በዚህ መለኪያ ካርታዎቹን ብንመረምር ደረጃው ይለዋወጣል። የስሚዝ ባለ ስምንት ጽዋ ጀርባውን የሰጠው ጠያቂው በእሱ ቦታ እንዲቆም ነው። የማርኬቲ ባለታሪኮች ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቲያትር ተዋንያን ታዳሚን ነው የሚያዩት፤ ታዳሚ ደግሞ ማንም ነው። ያምራሉ፤ አያፈጡም።

የዚህ ደጋ ታሪክ ጠልሰሙን ከባለቤቱ የነጠለውንም ክስተት ይዟል። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ የዐፄ ቴዎድሮስን ግምጃ ቤትና ቤተ መጻሕፍት በዘረፈ ጊዜ፣ ዕቃው በ15 ዝሆንና 200 በሚሆኑ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ እዚያው ሆኖ ገዝቷል፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህም በአውሮፓ ስብስቦች ውስጥ የኢትዮጵያ ጥቅልል ክታብ በዝቷል። በመስታወት ሣጥን የተዘረጋ ክታብ የሚያየው ታማሚ የለም። የታሮት ሰብሳቢው መደርደሪያና ይህ ሣጥን ሥዕልን ከጥያቄው በመለየት አንድ ናቸው። ልዩነታቸው፣ ሰብሳቢው ለሰዓሊው ከፍሏል፤ ደላንታ ላይ ለባለቤቱ የከፈለ አልነበረም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠልሰም ሠሪው ራሱ ስም አገኘ። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡት ጌራና ጌዴዎን ከመርሲዬ ጋር ሲሠሩ ጠልሰሙን ከብራና ወደ ወረቀት አሻገሩት፤ ሥራቸው በጣልያናዊው ሰብሳቢ ዣን ፒጎዚ ስብስብ ውስጥ ገብቷል። የጌዴዎን ወረቀቶች ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የላቸውም፤ ከፊት ውስጥ ፊት፣ ከክንፍ ውስጥ ዓይን ይወጣል። የተፈረመባቸው ሆነውም አሁንም ያፈጣሉ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በኩል የመጡት እስክንድር ቦጎሲያንና ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ ከሌላው ጫፍ ተነሡ። በ1964 የተሳለው የእስክንድር «የጁጁ ሰርግ» በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ ዘሪሁን በቀርከሃ ስንጥሮች ላይ የጥቅልሉን ቁመትና ክፍልፋይ አስቀርቶ በ1992 የዳካር ቢየናሌን ሽልማት ወስዷል። እነዚህ ሁሉ፣ ጠልሰም የሠሪ ስም ሲያገኝ የግድ ጉልበቱን እንደማያጣ ያሳያሉ።

ታዲያ ከመካነ ሰላም ወይም ከደጎሎ የተነሣ ወጣት ዲጂታል ሰዓሊ የራሱን ካርታ ቢያወጣስ? ቀላሉ መንገድ የስሚዝን 78 ካርታ እንዳለ ወስዶ ጽዋውን ዋንጫ፣ ዘንጉን መቋሚያ፣ ንግሥቲቱን ሹሩባ የተሠራች ማድረግ ነው። ይህ ልብስ መቀየር ነው፤ የምዕራቡ ገበያም በእንዲህ ያለው ተሞልቷል። አገር ቤት ያለው ሥርዓት የራሱ አጽም አለው። የኮከብ ቆጠራ መጽሐፉ ዐውደ ነገሥት ከሐመል እስከ ሑት 12 ኮከቦችን ይቆጥራል፤ በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውኃ ሦስት ሦስት ሆነው ይመደባሉ። ዘመናዊው የታሮት ንባብም ዘንግን ከእሳት፣ ጽዋን ከውኃ፣ ሰይፍን ከነፋስ፣ ዲናርን ከመሬት ጋር ስለሚያዛምድ ድልድዩ የተሠራ ነው። በእኔ ሚዛን 12 ካርታ በቂ ነው፤ 66 ተጨማሪ ትዕይንት ለማግኘት ሲባል መሶብና ጀበና ከመደርደር ይሻላል።

ትልቁ ዕድል ግን ያለው በቴክኒኩ ነው። የቀድሞው ማተሚያ አሥር ሺህ አንድ ዓይነት እሽግ ብቻ ነበር የሚያወጣው፤ ዲጂታል ፋይል ግን ለእያንዳንዱ ገዢ ተለውጦ ሊታተም ይችላል። የገዢዋን ስምና የእናቷን ስም ተቀብሎ፣ ኮከቧን አስልቶ፣ የጠልሰሙን ቀለምና የዓይኖቹን አቅጣጫ በዚያ የሚወስን እሽግ ዛሬ መሥራት ይቻላል። ዲጂታል ሰዓሊዎች እስካሁን መሣሪያቸውን ያዋሉት ወርቅን ለማስመሰል ሲሆን፣ ደብተራው በብርዕ የሚያደርገውን፣ ሥዕልን ለአንድ ሰው መሥራትን፣ አልነኩትም ማለት ይቻላል። ካህኑም ሼሁም እንደማይባርኩት ግልጽ ነው። ሰብሳቢውም አይወደው ይሆናል፤ የሌላ ሰው ስም በየካርታው የገባበትን እሽግ መልሶ የሚገዛው የለምና።